ጥርሱን የበላው ማን ነው?

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ወደ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ቆላ ድባ ይደርሳል። ስሟ «ቆላ» ቢልም በጂኦግራፊ ትምህርታችን አከፋፈል ከተማዋ ወይና ደጋ ናት፤ ከእርሷ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጣና ሐይቅ ወለል እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ከፍታ አለውና። ለጎንደር ሰው ግን የሚወረድበት ሁሉ ቆላ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ብስክሌት ያለው ሰው የመንገዱን ግማሽ ብስክሌቱን እየገፋ ያሳልፋል፤ የደምቢያ ሜዳ ግን እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ የተዘረጋ በመሆኑ ለሁለት ጎማ የተፈጠረ ይመስላል። በዚህ ሜዳ ላይ ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። ተማሪ ከገጠር ቀበሌ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይመላለስበታል፤ እህል ወደ ወፍጮ፣ ውኃ በጀሪካን ወደ ቤት ይጫንበታል። አባት ሽምብራውን ሸጦ ለልጁ ብስክሌት ሲገዛ ጫማ ወይም ልብስ እንደ መግዛት አይቆጥረውም፤ ልጁ በትምህርቱ ይቆይ ዘንድ የከፈለው ዋጋ ነው።

ታዲያ ይህ ብስክሌት ሥራ የሚፈታው በምን ምክንያት እንደሆነ በጠጋኞቹ ደጅ ተቀምጦ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጎማ ይቀደዳል፤ እርሱ ግን በሙጫና በቁራጭ ጎማ ይለጠፋል። ፍሬን ያልቃል፤ እርሱም ይለወጣል። ባለቤቱን አንገት የሚያስደፋው የጥርስ መበላት ነው። ጥርስ ስል ካቴናው የሚያርፍበትን ጥርሳም ብረት ማለቴ አይደለም፤ በብሎንና በዳዶ፣ በፔዳልና በጎማ ዘንግ ላይ እየተጠማዘዘ የተቀረጸውን ቀጭን ቦይ ማለቴ ነው። እርሱ ሲበላ ዳዶው ያለ ማቋረጥ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም፤ ፔዳሉ በእጅ ተይዞ ወደ ጠጋኙ ይመጣል፤ ልጁም በቀረችው አንዲት ፔዳል ግማሽ ዙር እየመታ ወይም ብስክሌቱን እየጎተተ ይመለሳል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው ፍርድ አንድና ያው ነው፦ «ብረቱ ነው። የዛሬ ብረት ልል ነው።» ባለቤቱ ይህን ይላል፣ ዕቃ ሻጩም አይክድም፣ ጠጋኙ ደግሞ ጥፋቱ ከእርሱ ትከሻ ስለሚወርድለት ይስማማል። በፍርዱ ውስጥ እውነት የለም አልልም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን አብዛኛው የተበላ ጥርስ የተበላው በብረቱ ልልነት ሳይሆን በአንድ ያልተለካ ቁጥር ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያልተለካ አቅጣጫ፣ ያልተለካ የጥርስ ርቀት፣ ያልተለካ ጉልበት። ልኬት ደግሞ የእኛ የፊዚክስ መምህራን ሙያ ስለሆነ ከተከሳሾቹ መካከል እኛም እንገኛለን።

ነገሩ የገባኝ በራሴ እጅ ካጠፋሁ በኋላ መሆኑን መደበቅ አይገባኝም። በ2010 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከወዳጆቼ ጋር ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በብስክሌት ስንጓዝ ቆላ ድባ ላይ የግራ ፔዳሌ ይንጫጫ ጀመር። ፔዳሉን ፈትቼ ግራሶ ልቀባው አሰብሁ። ከአንድ ጠጋኝ የ15 ቁልፍ ተዋስሁ፤ «ልርዳዎት መምህር» ቢለኝ «ግድ የለም» አልሁ። ፔዳሉ እንቢ አለ። የቁልፉን እጀታ በግማሽ ሜትር የውኃ ቱቦ አስረዝሜ ሁላችንም በለመድነው አቅጣጫ፣ ብሎን በሚፈታበት፣ ተጫንሁት። ትንሽ ዞረ፤ ቀጥሎ ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ስሜት በእጄ ላይ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ትግል መዞር ጀመረ። ጠጋኙ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ፣ «ኧረ መምህር፣ ሲያጠብቁት እኮ ነው የቆዩት! የግራው ተቃራኒ ነው» አለኝ። የፔዳሉ ዘንግ ብረት፣ የገባበት ክንድ አሉሚኒየም ነበር። የክንዱ ጥርስ እንደ ሽቦ ጥቅል ተላጦ ወጣ።

በጎንደር ከምሳ በፊት ስለ ቶርክ ያስተማረ ሰው በቆላ ድባ ከምሳ በኋላ እንዲህ ያደርጋል ማለት ነው።

ያፈርሁት ግን በዚህ አልነበረም። ጠጋኙ ክንዱን እያገላበጠ፣ «ለመሆኑ ይህ የግራው የተገለበጠው ለምንድን ነው? ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ የነገረኝ የለም» አለ። እኔም ሳላመነታ፣ ስንነዳ ፔዳሉ ራሱ የሚዞርበት አቅጣጫ ዘንጉን እንዲያጠብቀው ታስቦ ነው ብዬ መለስሁ። ሰውየው ብስክሌቱን ገልብጦ የቀኙን ፔዳል በአንድ እጁ አግድም ያዘ፤ በሌላው እጁ ክንዱን ወደ ፊት አዞረና «ይመልከቱት እንግዲህ፤ ፔዳሉ ከክንዱ አንጻር ወደ መፍቻው ነው የሚዞረው» አለኝ። ትክክል ነበር። በመሐል ያለው የኩሽኔታ ሰበቃ ዘንጉን ይዞት ቢዞር ኖሮ የዓለም ፔዳሎች ሁሉ፣ ግራውም ቀኙም፣ በየመንገዱ ተፈትተው በወደቁ ነበር። የሰጠሁት መልስ ከብዙ ሰው የሰማሁት፣ አንድም ቀን ያልፈተንሁት መልስ ነበር።

ትክክለኛውን መልስ ይዤ የተመለስሁት ከሳምንት በኋላ ነው፤ የያዝሁትም ማሳያ እርሳስ ነበር። አንባቢም ይሞክረው። አንድ እርሳስ በግራ እጅ ጡጫ ውስጥ ላላ አድርገው ይያዙ። በቀኝ እጅ የእርሳሱን ጫፍ ይዘው፣ ሳይጠመዝዙት፣ ክብ እየሠሩ ይውሰዱት። ክቡ ወደ ቀኝ ሲዞር እርሳሱ በራሱ ወገብ ላይ ወደ ግራ ይሽከረከራል። ምክንያቱም እርሳሱ ከጡጫው ቀዳዳ ጥቂት ስለሚቀጥን የሚነካው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ የመነካካቱ ቦታ በቀዳዳው ዙሪያ ሲዞር እርሳሱ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ በተቃራኒው ይንከባለላል። ፔዳልም እንዲሁ ነው። የጋላቢው እግር ዘወትር ወደ ታች ይጫናል፤ ክንዱ ግን ይዞራል፤ ስለዚህ ከክንዱ አንጻር ሲታይ የሚዞረው ጭነቱ ነው። በዘንጉና በክንዱ ጥርሶች መካከል በዓይን የማይታይ ክፍተት ስላለ ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ይንከባለላል፤ ይህም መንከባለል ከኩሽኔታው ሰበቃ ተቃራኒ ሆኖ ያጠብቀዋል። መካኒኮች ይህን ፕሪሴሽን ይሉታል። የኩሽኔታ ሰበቃ ደካማ፣ ይህ መንከባለል ግን ብርቱ ነው። አውሮፕላን ከመሥራታቸው በፊት የብስክሌት ነጋዴዎች የነበሩት ራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1900 ዓ.ም. «የማይፈታ ፔዳል» ብለው ያስተዋወቁት ይህንኑ፣ የቀኙ ጥርስ የቀኝ፣ የግራው ጥርስ የግራ የሆነውን ነበር።

ጠጋኙ እርሳሱን ተቀብሎ ሦስት አራት ጊዜ ሞከረውና ካሰብሁት በላይ ራቅ አድርጎ ወሰደው። «እንግዲያው ኩሽኔታው ከደረቀ?» አለ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። የደምቢያ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በፔዳሉ ኩሽኔታ ገብቶ ግራሶውን ይመጥጠዋል፤ ጭቃውም ሲደርቅ ያንኑ ያደርጋል። ኩሽኔታው በዚህ ዓይነት ሲያዝ ሰበቃው ከመንከባለሉ ይበረታና ዘንጉን ወደ መፍቻው ይነዳዋል። ፔዳሉ አንድ ዙር ይፈታል፣ ሁለት ዙር ይፈታል፤ ልጁ መንገድ ላይ ነው፣ ቁልፍ የለውም፣ መንዳቱን ይቀጥላል። ዘጠኝና ዐሥር ጥርስ ሊሸከሙት የሚገባውን ጭነት አሁን አራት ጥርስ ይሸከማሉ፤ ጭነቱም ቀጥ ብሎ አይጫናቸውም፣ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ እያወላወለ ይፈለቅቃቸዋል። ቆላ ድባ ሲደርስ የክንዱ አፍ ሰፍቷል፤ ጥርሱም አልቋል። ጠጋኙ ያየው ያለቀውን ጥርስ ነው፤ «ብረቱ ልል ነው» ይላል። ጥርሱን የገደለው ግን ከሁለት ወር በፊት ያልተቀባች አንዲት ጣት ግራሶ ናት።

ወደ ጎማው ዘንግ እንለፍ። የጥገና ቤቶቻችን ቋንቋ በአብዛኛው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ ስንል የጣሊያንን መካኒክ እንናገራለን። የብስክሌቱ ጥርስ ግን በብዙ ቦታ እንግሊዝኛ ይናገራል። ከቻይናና ከሕንድ የሚመጣው ከባዱ ብስክሌት የተቀረጸው በጥንቱ የእንግሊዝ ብስክሌት አምሳል ነው፤ የእንግሊዝ ብስክሌት መሐንዲሶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. የራሳቸውን የጥርስ ልክ ደንግገው ነበር። በዚህ ልክ የተሠራ የኋላ ጎማ ዘንግ ውፍረቱ 3/8 ኢንች ማለትም 9.525 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ የተቀረጹት ጥርሶች 26 ናቸው፤ ከጥርስ ወደ ጥርስ ያለው ርቀት እንግዲህ 0.977 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከጎኑ የቆመው ሌላ ብስክሌት ዘንጉ 10 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። በገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው፣ ለበርና ለአልጋ የሚውለው ተራው ባለ 10 ዳዶ ደግሞ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱም በጠጋኙ በአንዲት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀላቅለው ይኖራሉ፤ ለዓይን ሦስቱም ያው ናቸው።

እስቲ እናስላው። የጥርስ ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ብሎን ላይ የዘንጉና የዳዶው ጥርስ እርስ በርስ የሚነካከሱበት ጥልቀት ወደ 0.54 ሚሊ ሜትር ነው። የባለ 10ን ዳዶ በ9.525 ዘንግ ላይ ብናስገባው በውፍረት ያለው ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲሆን፣ ይህ በሁለቱም ጎን ሲካፈል በየጎኑ 0.24 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። ከንክሻው ግማሽ ገደማ ጠፋ ማለት ነው። የቀረው ንክሻ ደግሞ በጥርሱ ጫፍ፣ በቀጭኑ በኩል ነው፤ ጥርስ እንደ ተራራ ከግርጌው ሰፊ ከጫፉ ሹል ስለሆነ ጥንካሬው ከግማሽም በታች ይወርዳል። ዳዶው በጣት እየተሽከረከረ ይገባል፤ ጠጋኙም «ገባ» ይላል። በቁልፍ ሲጠብቅ ግን የሁለቱም ጫፍ ተላጭቶ ይወጣል። ባለ 1.5ቱ ዳዶ ጉዳቱ ሌላ ዓይነት ነው። እርሱ ገና ከሁለት ዙር በፊት ይይዛል፣ አልገባም ይላል፤ አልገባም ያለውን በቁልፍ ሲያስገድዱት ጠንካራው ደካማውን እየፈለጠ ያልፋል። በጣት አምስት ዙር የማይገባ ዳዶ የዚያ ዘንግ ዳዶ አይደለም። ይህን ለማወቅ ማይክሮስኮፕም ዲግሪም አያስፈልግም፤ ቁልፉን ለጊዜው መሬት ማስቀመጥ ይበቃል።

የጥርስ ልክ አለመግባባት የድሃ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የባልቲሞርን ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1904 ዓ.ም. የአሜሪካዋ ባልቲሞር ስትቃጠል ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒው ዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱላት። ነገር ግን የብዙዎቹ ቱቦ ማያያዣ ጥርስ ከባልቲሞር የውኃ ማውጫ ጥርስ ጋር አልገጠመም። ውኃ እያለ፣ ቱቦ እያለ፣ ሰው እያለ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የጥርስ ልክ እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. ካቀረበ ስድሳ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር።

ሦስተኛው ያልተለካ ቁጥር ጉልበት ነው። ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስና ላስላው። ከክብደቴ ግማሹን፣ ወደ 340 ኒውተን ያህል፣ በግማሽ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ አሳርፌ ነበር፤ ቶርኩ 170 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ለፔዳል የሚመከረው ከ35 እስከ 40 ነው። መሐንዲሶች ለግምት በሚጠቀሙበት ቀመር ብናሰላ ይህ ቶርክ በ14.3 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ ላይ ወደ 59,000 ኒውተን የሚደርስ የመጎተት ጉልበት ይፈጥራል፤ የስድስት ቶን ክብደት ማለት ነው። አንድ አስተማሪ በአንዲት ቁራጭ ቱቦ ስድስት ቶን አነሣ። በመማሪያ መጽሐፍ «ብሎን በዘንግ ላይ የተጠቀለለ፣ ዘንበል ያለ ወለል ነው፤ ጉልበትን ያበዛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! ምን ያህል እንደሚያበዛ ግን እጄ አያውቅም ነበር።

ጉልበቱም ለጥርሶቹ እኩል አይከፋፈልም። ዘንጉ ሲጎተት በጥቂቱ ይረዝማል፣ ዳዶው ይጨመቃል፤ ስለዚህ ከተሸካሚው ገጽ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን የጭነቱን አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሸከማል፤ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ወዲያ ያሉት ቀለል ያለ ሸክም አለባቸው። የተበላ ዳዶ በማጉያ መነጽር ቢያዩ መጀመሪያ የተላጨው ጥርስ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሲሄድ ሸክሙ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል፤ እንዲህ እያለ እንደ ተደረመሰ እርከን ይወርዳል። «ትንሽ ብቻ ተበልቷል፣ ይይዛል» የሚባለው ዳዶ የማይይዘው ለዚህ ነው።

ደረቅ ጥርስ ደግሞ ሰውን ያታልላል። በቁልፍ ከምናወጣው ጉልበት በግምት ግማሹን ከዳዶው ፊት ሥር ያለው ሰበቃ፣ አርባ በመቶውን በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ይበላዋል፤ ለማጥበቅ የሚተርፈው ዐሥር በመቶ ያህል ነው። ጥርሱ ሲዝግ ወይም አቧራ ሲገባው ያቺም ዐሥር በመቶ ትቀንሳለች። ጠጋኙ በእጁ የሚሰማው «ጠበቀ» የሚል ስሜት ሰበቃ እንጂ ጥብቀት አይደለም፤ ጎማው መንገድ ላይ ሲላላ ዳግመኛ የበለጠ ያጠብቀዋል። ጥርሱን መቦረሽና ዘይት መንካት መልሱ ነው፤ ዘይት የተቀባ ጥርስ ግን በአነስተኛ ጉልበት እንደሚጠብቅ ማወቅ ይገባል፤ የቀድሞውን ጉልበት በዘይት ላይ የደገመ ሰው አሁንም ጥርሱን ይበላዋል።

ስለ መዶሻ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እኛ የተማርን ሰዎች የብስክሌት ጠጋኝ መዶሻ ሲያነሣ ፊታችንን እንቋጥራለን። በአንድ ቦታ ግን ልክ እርሱ ነው። በከባዱ ብስክሌት ላይ ክንዱን ከመሐሉ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ጎኑ የተዛነፈ ሽብልቅ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥርስና ትንሽ ዳዶ አለው። ብዙዎች ሽብልቁን በዳዶው ጎትተው ለማስገባት ይሞክራሉ፤ ጥርሱም በየጊዜው ይበላል። ያቺ ዳዶ የተሠራችው የገባውን ሽብልቅ ተመልሶ እንዳይወጣ ለመያዝ እንጂ ለማስገባት አይደለም። ሽብልቁን ከታች በከባድ ነገር ደግፎ በመዶሻ መትቶ ማስገባት፣ ከዚያ ዳዶውን በመጠኑ ማጥበቅ ነው። ይህን የነገረኝ ያው ጠጋኝ ነው፤ ከየትኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ አላነበብሁትም።

አሁን ወደ ብረቱ እመለሳለሁ። ልል ብረት የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። ደረጃቸውን የጠበቁ ብሎኖች ራሳቸው ላይ እንደ 4.6 ወይም 8.8 ያለ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ የመጀመሪያው አኀዝ በመቶ ሲባዛ ብሎኑ ከመበጠሱ በፊት የሚችለውን ውጥረት በሜጋ ፓስካል ይናገራል። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን ምንም ቃል አልገባም። ሞረድ በዳዶው ጠርዝ ላይ ሲጎተት እንደ ቅቤ ከገባ ብረቱ ልል መሆኑ በዚያው ይታወቃል። አሉሚኒየም ውስጥ የተቀረጸ ጥርስም ብረት ውስጥ ከተቀረጸው ይደክማል፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ንክሻ ያስፈልገዋል፤ የፔዳል ቀዳዳ ጥልቅ የሆነውም ለዚህ ነው። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን ልል ብረት በትክክለኛ ልክ፣ በትክክለኛ አቅጣጫ፣ በመጠኑ ሲጠብቅ ለዓመታት ያገለግላል፤ ምርጥ ብረትም በተሳሳተ ዳዶ በአንድ ቀን ይበላል። ብረቱን ከቆላ ድባ ሆነን ልንለውጠው አንችልም። ሌሎቹን ሦስቱን ግን እንችላለን። ሊለወጥ የማይችለውን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ደግሞ ለሁላችንም በጣም ምቹ ነው።

ይህን አሳብ ለአንድ ባልደረባዬ ባጫውተው፣ «ይህ የቴክኒክና ሙያ ጉዳይ ነው፤ የሳይንስ ፋኩልቲ ከብሎን ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። ለዚህ መልስ ለመስጠት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. የደምቢያን ሜዳ የወባ ወረርሽኝ መታው፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በማግሥቱ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት እርሱ ነው። ያ ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር እንጂ ሕመምተኛው ወደ መማሪያ ክፍሉ እስኪመጣ አልጠበቀም። የብስክሌት ጥርስ እንደ ወባ አይገድልም፤ ላመሳስላቸውም አልሻም። ግን የከፍተኛ ትምህርት በዚህ አካባቢ የተጀመረው ሜዳው ላይ ያለውን ችግር ወርዶ በማየት እንደሆነ ልንረሳው አይገባም።

የፊዚክስ ተማሪዎቻችን በመጀመሪያው ዓመት ቤተ ሙከራ በቨርኒየር ካሊፐር የሚለኩት የናስ ኩብ ነው። ኩቡን ካለፈው ዓመት ተማሪ፣ ካቻምናም ከነበረው ይቀበሉታል፤ ውጤቱን ከመለካታቸው በፊት ያውቁታል። በዚያ ኩብ ፋንታ ለእያንዳንዱ ቡድን ስድስት ዳዶና ስድስት ቁራጭ ዘንግ ተቀላቅሎ ይሰጠው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም በካሊፐርና በስሌት ይለይ፤ ከዚያ አንዱን የተሳሳተ ጥንድ ሆን ብሎ እስኪበላ ያጥብቅና በስንት ኒውተን ሜትር እንደሄደ ይመዝግብ። ቶርክ የሚለካ ቁልፍ ከሌለ አንድ ሜትር ብረትና የታወቀ ክብደት ያለው ከረጢት ጤፍ ይበቃል። ስሕተትን በመቶኛ ማስላት፣ ሰበቃ፣ ዘንበል ያለ ወለል፣ ውጥረት፣ ሁሉም በዚህ አንድ ሙከራ ውስጥ አሉ። ከዚህ የሚገኘውን ልምድ ይዞ የገጠር መምህር የሚሆን ተማሪ በክፍሉ ፊት የሚያሳየው ነገር ያገኛል፤ ብስክሌቱን በደጅ ያቆመውም ልጅ ስለ ራሱ እየተነገረ መሆኑን ይረዳል።

የእኔ የተላጨ ክንድ ጎንደር ቶርኖ ቤት ገባ። ቀዳዳው ሰፍቶ የብረት ቀለበት ተደፈነበት፤ በቀለበቱ ውስጥም አዲስ ጥርስ፣ የግራ ጥርስ፣ ተቀረጸለት። ባለሙያው «የቀኝ ነው የግራ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜም በእርሳስ አሳየሁት። በዚያው ቀን አንድ ነገር ጨምሬ አሠራሁ። የእጅ መዳፍ የምታህል የብረት ሰሌዳ ሆና በአንድ ወገን የሦስቱ ዘንግ ዓይነቶች ቁራጭ ተበይደውባታል፣ በሌላው ወገን ሦስቱ ዳዶዎች። ምንም ጽሑፍ የላትም። ዘንጉ ያልታወቀ ብስክሌት ሲመጣ ዳዶው በየተራ በጣት ይሞከራል፤ በአንዱ ቁራጭ ላይ አምስት ዙር ሳይታገልና ሳይወላወል ከገባ እርሱ ነው።

ሰሌዳዋን ለጠጋኙ ስሰጠው አገላብጦ አያትና ለሚያሠለጥነው ልጅ አቀበለው። ልጁ ከቆርቆሮው አንድ ዳዶ አንሥቶ በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ሞከረው፤ ሁለት ዙር ሄዶ ቆመ። ልማድ ሆኖበት እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ፤ ከዚያ ተወውና ወደ ሁለተኛው አለፈ።